ድሮኑን ይመልሱ፣ የግንባር መብራት ይግዙ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለን። በጁላይ መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት ልናድር ነው። ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ቦታ ይዘናል። አንዱን ቀን ኦልድ ራግ ተራራን ለመውጣት አስበናል። ኔትወርክ የለም ስለተባልን ለደህንነታችን ብለን ብዙ ዕቃ ገዛን። በየወሩ የሚከፈልበት የሳተላይት መልእክት መላኪያ፣ 35 ማይል ይደርሳል የሚል ዎኪ ቶኪ፣ 500 ዋት አወር የሚይዝ ፓወር ስቴሽን (ትልቅ ተንቀሳቃሽ ባትሪ) ከተጣጣፊ ሶላር ጋር፣ ልጆቹ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ኤርታግ (የአፕል ዕቃ መፈለጊያ)፣ ለልጄ ደግሞ ድሮን። ወደ 1,400 ዶላር ወጥቷል። ወንድሜ ‹አይፎንህ ራሱ ሳተላይት አለው፣ ሁሉንም መልሰው› ይለኛል። የኔ አይፎን 15 ነው፣ የባለቤቴ ሳምሰንግ። የቱ ይመለስ? የቀረን ዕቃስ አለ?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ ስለ ስልኩ ልክ ናቸው። «ሁሉንም» ያሉት ላይ ግን አይደሉም። ሦስቱ ይመለሱ፦ የሳተላይቱ መሣሪያ፣ ፓወር ስቴሽኑ ከነሶላሩ፣ ድሮኑ። ዎኪ ቶኪውና ኤርታጉ ይቆዩ፤ እርስዎ ባሰቡት ሥራ ላይ ግን አይውሉም።

የበለጠ ያሳሰበኝ በዝርዝርዎ ውስጥ የሌለው ነው። መብራት የለም። የውሃ ማጣሪያ የለም። የዝናብ ልብስ የለም። የገዙት ዕቃ አብዛኛው ችግር ከደረሰ በኋላ ሰው ለመጥራት የሚያገለግል ነው። ለ11 ዓመት በዚሁ አካባቢ የሀበሻ ቤተሰቦችን ተራራ ሳስወጣ ያየሁት ችግር ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ዘግይቶ መነሳት፣ ውሃ ማለቅ፣ ዝናብ፣ ጨለማ። ከእነዚህ አንዱንም ሳተላይት አይከለክልም።

መጀመሪያ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን እናጥራ። ሼናንዶዋ ውስጥ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም፣ ይቆራረጣል። ስካይላይን ድራይቭ የተራራውን ጀርባ ይዞ የሚሄድ የ105 ማይል መንገድ ነው። ከላይ ሲሆኑ ስልክዎ አንድ ሁለት መስመር ሊያሳይ ይችላል። ወደ ሸለቆና ወደ ፏፏቴ ሲወርዱ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ካርታውም የሚጠፋ ይመስለዋል። ጂፒኤስ ከስልክ ኩባንያው ጋር ጉዳይ የለውም። ስልክዎ ከሳተላይቶቹ የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ኤሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖም የት እንዳላችሁ ያውቃል። የሚጠፋው የካርታው ሥዕል ነው። አስቀድመው ካወረዱት እሱም አይጠፋም።

የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነፃ አፕ አለው። ሼናንዶዋን መርጠው ለኦፍላይን ያውርዱት። ካወረዱት በኋላ ይፈትኑት። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለው ኤሮፕላን ሞድ ያብሩ፣ ዋይፋዩንም ያጥፉ፣ ከዚያ የምትሄዱበትን የእግር መንገድ በጣትዎ ያቅርቡት። መንገዱ ከነስሙ ወለል ብሎ ከታየ ወርዷል። ባዶ ግራጫ ብቻ ከመጣ አልወረደም። ባለቤትዎም በሳምሰንጉ እንዲሁ ያድርጉ። አንዱ ስልክ ቢወድቅ ሌላው ይተካል።

ተራራው ላይ ስትሄዱ ስልኮቹ ኤሮፕላን ሞድ ላይ ይዋሉ። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የኔትወርክ ማማ ሲፈልግ ይውላል፣ ባትሪውንም የሚጨርሰው ይሄው ፍለጋ ነው። መግቢያው በር ላይ የሚሰጧችሁን የወረቀት ካርታ ደግሞ አጣጥፈው ኪስዎ ይክተቱት፣ መኪና ውስጥ አይተዉት። አንድ ነገር ደርሶ እርዳታ ካስፈለገ ኤሮፕላን ሞዱን አጥፍተው «አገልግሎት የለም» የሚል ጽሑፍ ቢያዩም 911 ይሞክሩ። የእርስዎ ኩባንያ ማማ እዚያ ባይኖር ስልኩ ለ911 የሌላውን ኩባንያ ማማ መጠቀም ይችላል። ይሄንን ባለማወቅ ሳይደውሉ የሚቀሩ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ሳተላይቱ። አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ማማ በሌለበት ቦታ በሳተላይት ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ጽሑፍ ይልካሉ። እርስዎ 15 ስለያዙ አለዎት። አፕልም እስካሁን ክፍያ አልጀመረበትም። የባለቤትዎ ሳምሰንግ ግን በሞዴሉና በስልክ ኩባንያው ይወሰናል። ቲ-ሞባይል በጁላይ 2025 ከስታርሊንክ ጋር የጀመረው አገልግሎት በብዙ ስልኮች ላይ ይሠራል። የእሳቸው ስልክ ይካተት አይካተት ኩባንያውን ደውለው ይጠይቁ። እስኪያረጋግጡ ድረስ የለም ብለው ያስቡ።

ወሰኑን ግን ይወቁ። የአይፎኑ ሳተላይቶች ከምድር በላይ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ይሮጣሉ። ስልኩ እነሱን ማየት አለበት። ገላጣ ቦታ ላይ መልእክት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ሳሳ ባለ ቅጠል ሥር ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ጭራሽ ላይሄድ ይችላል። ሼናንዶዋ በጁላይ ቅጠል ብቻ ነው። በክረምት ሰማይ የሚታይበት መንገድ በሰመር ጣሪያ እንደለበሰ ኮሪደር ይሆናል። ስለዚህ ስትሄዱ ገላጣ አለት ወይም ሜዳ ባለፋችሁ ቁጥር ልብ በሉት። እርዳታ ካስፈለገ የምትመለሱት ወደዚያ ነው። ስልኩ ራሱ «ወደ ግራ ዙር፣ ወደ ቀኝ ዙር» እያለ ይመራዎታል። ልምምድም አለው፦ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የአደጋ ጊዜ ኤስኦኤስ የሚለውን ሲከፍቱ ከታች የሳተላይት ሙከራ ያገኛሉ። ቤትዎ ደጃፍ ላይ ቆመው ከልጅዎ ጋር አንዴ ይሞክሩት። የ14 ዓመት ልጅ ከእርስዎ ቀድሞ ይለምደዋል። ወድቀው የተጎዱት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው።

የገዙት የሳተላይት መሣሪያ መጥፎ ስለሆነ አይደለም መልሱት የምለው። እንዲያውም ከስልክ ይጠነክራል፣ ባትሪው ይቆያል። ከመኪና ርቆ ለቀናት በጫካ ለሚጓዝ ሰው ግዴታ ነው እላለሁ። እናንተ ግን የምታድሩት መኪናችሁ አጠገብ ነው። የፓርክ ሠራተኞችና ሌሎች ቤተሰቦች ባሉበት ካምፕ። ቀን ቀን የምትሄዱትም ሰው በሚበዛበት መንገድ ነው። ወርኃዊ ክፍያውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት። አንድ ሁኔታ ብቻ አለኝ። አትለያዩ። ባለቤትዎ ሳምሰንጉን ይዘው ከልጅቷ ጋር በአንድ መንገድ፣ እርስዎ በሌላ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ይሄ ምክር አይሠራም።

መልእክቱ ደረሰ ማለት ደግሞ ሰው ደረሰ ማለት አይደለም። አንድ ቀን ከመንገድ ላይ አንድ ሰው አገኘን። ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ሠርቷል፣ መልስ መጥቶለታል፣ ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ናቸው። እነሱ ቃሬዛ ተሸክመው በእግር እስኪደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል አለፈ። መሸ። ሰውየው በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ነው የለበሰው። ጁላይ ነበር፣ ግን ጥርሱ ይንገጫገጫል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ጃኬት፣ ውሃና መብራት ነበር። ከእኛ ተቀብሎ ለበሰ፣ ጠጣ። ያንን ባየሁ ማግስት ነው የራሴን ቦርሳ እንደገና ያሰናዳሁት።

ዎኪ ቶኪው ላይ የተጻፈው 35 ማይል ውሸት ነው ባልልም ለእናንተ አይደለም። አንዱ ተራራ ጫፍ፣ ሌላው ከፊቱ ባለ ሜዳ ላይ ሆነው፣ በመሃል ምንም ሳይኖር የሚገኝ ርቀት ነው። በመሃላችሁ አንድ ጋራ ከገባ አንድ ማይልም ላይደርስ ይችላል። የፈቃድ ጉዳይም አለበት። ኤፍአርኤስ የሚባለው ዓይነት ፈቃድ አያስፈልገውም። ጂኤምአርኤስ ከሆነ ግን የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ይፈልጋል። 35 ዶላር ነው፣ 10 ዓመት ይሠራል፣ አንዱ ካወጣ ለቤተሰቡ ይበቃል። ካርቶኑን ያንብቡ። ካምፕ ውስጥ ልጆቹ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ቢይዙት ደስ ይላቸዋል፣ እናንተም ድምፃቸውን ትሰማላችሁ። ለዚያ ይቆይ።

ኤርታጉ ላይ ግን ጠንከር ልበል። እዚህ ላይ ያለው አለመግባባት ልጅ ሊያስጠፋ ይችላል። ኤርታግ ውስጡ ጂፒኤስ የለም። የት እንዳለ የሚያውቁለት በአጠገቡ የሚያልፉ የሌላ ሰው አይፎኖች ናቸው፤ እነሱ ናቸው በኢንተርኔት ለእርስዎ የሚነግሩት። ሰው በሚበዛበት የዋሽንግተኑ ኬ-ስትሪት ላይ በሴኮንድ ይገኛል። ሰው በማያልፍበት፣ ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥ ዝም ይላል። ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ኤርታግ አለ ብሎ ዓይንን ማንሳት አደገኛ ነው። በመኪናዎ ቁልፍ ላይ ያድርጉትና ለልጆቹ ፊሽካ ይግዙላቸው፤ ሦስት ዶላር ነው። ደረታቸው ላይ ይንጠልጠል። ከተለያየን አትሩጡ፣ አንድ ዛፍ አቅፋችሁ ቁሙ፣ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ ንፉ በሏቸው። ይሄንን መኪና ውስጥ በቃል ብቻ አይንገሯቸው። ካምፑ ዳር ዛፍ አሳቅፈው ያለማምዷቸው።

ስለ ኃይል ሒሳብ እንሥራ። የአይፎን 15 ባትሪ ወደ 13 ዋት አወር ይይዛል። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ 74 ዋት አወር ያህል ነው። ሲሞላና ሲያስተላልፍ ሲሦው ገደማ ይባክናል ብንል ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ስልክዎን ይሞላል። ኤሮፕላን ሞድ ላይ ለዋሉ ሁለት ስልኮች ለሦስት ሌሊት ይበቃል፣ መኪናውም ሲሄድ ይሞላል። ባለ 500ው ለምን? ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ካምፑ ላይ የሚሰካው ነገር የላችሁም። ከእናንተ ውስጥ በእንቅልፍ ሰዓት የመተንፈሻ ማሽን የሚጠቀም ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ የሕክምና ዕቃ ያለው ሰው ካለ ግን አይመልሱት። የሼናንዶዋ ካምፕ ቦታዎች ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም።

ሶላሩ ደግሞ ጥላ አይወድም። ፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ላይ የቅርንጫፍ ጥላ ካረፈ የሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። ሩብ ጥላ ሩብ ብቻ አይቀንስም፣ ከዚያ በላይ ነው። ድንኳናችሁን ከዛፍ ሥር ትተክላላችሁ፣ ፀሐይ ፍለጋ ፓኔል ስታዞሩ ቀኑ ያልቃል። ፓወር ባንኩን ደግሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት። በጁላይ የመኪና ውስጥ ሙቀት ለሊትየም ባትሪ አደገኛ ነው።

ድሮኑን በተመለከተ ክርክር የለውም። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ድሮን ማስነሳትም ማሳረፍም ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላርና እስከ 6 ወር እስር ይደርሳል። ለልጅ ነው፣ ለትንሽ ደቂቃ ነው የሚል አይሰማም። ጭልፊቶች ገደሉ ላይ ይራባሉ፣ ሰውም ዝምታ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ከዚህ ሌላ ምናልባት ያልተነገራችሁ ነገር አለ። አሌክሳንድሪያ ራሱ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው የ15 ማይል ክልል ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን አይበርም። ስለዚህ ልጅዎ ጓሮው ውስጥም ሊያበረው አይችልም። ገንዘቡን አስመልሰው ጥሩ የሩቅ መነጽር ይግዙለት። ቢግ ሜዶውስ ላይ ማታ አጋዘን ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ሰማዩ በከተማ ላደገ ልጅ አዲስ ነገር ነው።

ኦልድ ራግን ዘንድሮ ተዉት። የሦስት ነገሮች ድምር ነው ይሄን የሚያስብለኝ። አንደኛ መንገዱ ከ9 ማይል በላይ ነው፣ በመሃሉ በእጅና በእግር የሚወጣበት ረጅም የአለት ክፍል አለ። አንዳንዱ ቦታ አዋቂም ሰው ከኋላ ገፍተውት፣ ከፊት ስበውት ነው የሚያልፈው። የ8 ዓመት ልጅ እግሯ አይደርስም። ዝናብ ከነካው አለቱ እንደ ሳሙና ይሆናል። ሁለተኛ ከስካይላይን ድራይቭ አይገባም። ብዙ ቤተሰብ ይሄን የሚያውቀው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። መነሻው ከፓርኩ ምሥራቅ በኩል ከታች ነው፣ ከቢግ ሜዶውስ ወርዶ ዞሮ መሄድ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ከፓርኩ መግቢያ ሌላ የ2 ዶላር የቀን ትኬት በነፍስ ወከፍ ያስፈልጋል። አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚገዛው፣ በቀን የሚሸጠውም የተወሰነ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ይሠራል።

በምትኩ ይሄን አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ። ከካምፓችሁ ቅርብ ነው፣ ደርሶ መልሱ 1.4 ማይል። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ ልጆቹ ወርደው ሲጫወቱ ጉልበታቸውን እንዳይጨርሱ። በማግስቱ ማለዳ ሃውክስቢል። 4,050 ጫማ ነው፣ የፓርኩ ከፍተኛው ቦታ። በላይኛው መንገድ ከሄዳችሁ ደርሶ መልሱ 2.1 ማይል ነው፣ ዳገቱም ልጅ ይችለዋል። ከላይ ሆናችሁ የሼናንዶዋን ሸለቆ በሙሉ ታያላችሁ። ልጅዎ የአለት ጉዞ ከፈለገ ኦልድ ራግን በጥቅምት፣ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ ከእርስዎ ጋር ሁለታችሁ ውጡት።

እዚህ ላይ ደጋ ያደግን ሰዎች የምንሳሳተው አለ። ሃውክስቢል በሜትር 1,234 ነው። ከአዲስ አበባ በግማሽ ገደማ ያንሳል። «ይሄማ ምን አላት» ብለን ውሃ ሳንይዝ እንወጣለን። የሚጥለን ግን ከፍታው አይደለም። ሙቀቱና ወበቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ላብ ይደርቃል፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ቨርጂኒያ በጁላይ ላቡ ቆዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ አዋቂ በሰዓት ግማሽ ሊትር ውሃ ይያዙ፣ ጨው ያለው ነገር ይጨምሩ። ስንቅ ለመግዛት አትድከሙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ለተራራ የተሠሩ ናቸው። አይቀልጡም፣ አይበላሹም፣ በትንሹ ያጠግባሉ። ከወንዝ የሚጠጣ ውሃ ጠርቶ ቢታይም ይጣራ ወይም ለአንድ ደቂቃ ይፍላ። ተቅማጥ የሚያመጣው ጃርዲያ በዓይን አይታይም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ አለ። በሰመር ጠዋቱ ብራ ሆኖ ቀትር ካለፈ በኋላ ሰማዩ በድንገት ይጠቁራል። እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት ከጫፉ ውረዱ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ቅርብ ነው፤ መኪና ውስጥ ግቡ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም።

ቀጥሎ ያለውን ሳይዘሉ ያንብቡልኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ካምፕ ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ጣለ። ከጎናችን ያለው ቤተሰብ የከሰል ምድጃውን ከነጀበናው ወደ ድንኳን አስገባ። ዚፑ ተዘጋ። ሳቅና ጨዋታ ይሰማል፣ የዕጣን ሽታ ይወጣል። ቶና ላይ ሲደርሱ ትንሿ ልጅ ራሴን አመመኝ ብላ እናቷ ጭን ላይ ተኛች። ድካም ነው ተባለ። ትንሽ ቆይቶ እናትየውም ራሳቸውን ያዙ። እኛ ስኒ ልንመልስ ሄደን ነው የደረስንባቸው። ድንኳኑን በርግደን አወጣናቸው። ልጅቷ ዝናብ ላይ ተንበርክካ አስመለሳት። ሠራተኞች መጥተው ኦክስጅን ሰጧት፣ ዳነች። ሩብ ሰዓት ዘግይተን ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር እስካሁን አስባለሁ።

የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም። ከሰሉ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ማውጣቱን አያቆምም። «ዚፑን ትንሽ እንከፍታለን» መፍትሔ አይደለም። የጋዝ ምድጃም ያው ነው። ቡና ከፈለጋችሁ፣ ፓርኩ እሳት ካልከለከለ፣ ከድንኳን ውጭ ሰማይ ሥር አፍሉ። ከዘነበ ይቅር። ሲጨርሱ ከሰሉን ውሃ ደፍተው፣ በደንብ አማስለው፣ እጅ የሚነካው እስኪሆን ያቀዝቅዙት። የሞቀ ከሰል በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ መሄድም ያው አደጋ ነው።

ቅቤና በርበሬ ያለው ምግብ ድብን ይጠራል። ጥቁር ድቦች ፓርኩ ውስጥ በብዛት አሉ። ወጡ፣ ድስቱ፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር ሌሊት መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድንኳን ውስጥ ምንም የሚበላ አይግባ፣ ልጆቹ ኪስ ውስጥ ያለ ከረሜላም ቢሆን።

መዥገር ደግሞ አለ። አገር ቤት ከብት ላይ የምናውቃትን አይደለም የምላችሁ። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈዋ በሰመር ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ ከሱሪው በላይ። ለልብስና ለጫማ 0.5 በመቶ ፐርመትሪን የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት ከጉዞው በፊት ረጭተው ያድርቁ፤ ይሄ ለቆዳ አይደለም። ለቆዳ ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለው መዥገር ማባረሪያ ይጠቀሙ። ማታ ማታ ጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጆሮ ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ ተያዩ። የልጅቷ ሹሩባ ሥር ልብ ይባል። ካገኛችሁ ቅቤ አትቀቡ፣ ክብሪት አታስጠጉ። በወረንጦ ቆዳው ላይ ጠጋ ብላችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቅ ስላለባት የዕለት ዕለት ፍተሻው ብዙ ያድናል። ከ3 እስከ 30 ቀን ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ጋር ይሂዱ። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። የበለዘ ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ መዥገር ነክሶኝ ነበር ብላችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው።

የሚገዛው እንግዲህ ይሄ ነው። አራት የግንባር መብራት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከትርፍ ባትሪ ጋር። የስልክ መብራት አይተካውም። አንድ እጅ ይይዛል፣ የምትፈልጉትንም ባትሪ ይበላል። አንድ የውሃ ማጣሪያ። ለአራታችሁም የዝናብ ጃኬት፤ ቢግ ሜዶውስ ከሸለቆው በ10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ሹራብ ያስፈልጋል። ጂንስ ቤት ይቅር፣ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። አንድ ባለ 20,000 ፓወር ባንክ። ወረንጦ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከምታስመልሱት ገንዘብ ብዙ ይተርፋል። በተረፈው ለልጆቹ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዙ። አሁን ግዙ። ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይሂዱበት፣ ተራራው ላይ እንዳይልጣቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ለወንድምዎ አንድ ወረቀት ይጻፉ። የካምፑ ቁጥር፣ የመኪናው ታርጋ፣ በየቀኑ የምትሄዱበት መንገድ፣ ከፓርኩ ወጥታችሁ የምትደውሉበት ሰዓት። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉት፣ «ማታ 2 ሰዓት» ስድስት ሰዓት ያሳስታል። ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት አልፎ ድምፃችሁ ካልተሰማ የሚደውሉበት የፓርኩ የአደጋ ጊዜ ስልክ 1-800-732-0911 ነው። እሱም ወረቀቱ ላይ ይኑር።